ያየ ሰው ዕዳ

፩

ነገሩ የተጀመረው ፒያሳ ነው። ከፈረሳው በተረፉት ካፌዎች በአንዱ ስድስት ተማሪዎች ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን ነበር። የመንፈቁ ፈተና አልቋል፤ የጥር ዕረፍት ሊጀመር ነው። ከመካከላችን አንዱ ‹‹ገንዘብ አዋጥተን፣ ሚኒባስ ተከራይተን፣ ባሌ ወጥተን ቀይ ቀበሮ አይተን እንምጣ›› አለ። ሌላው ከት ብሎ ሳቀና ‹‹አቦ ተወና! ውሻ የሚመስል አውሬ ለማየት አራት መቶ ኪሎ ሜትር? እዚሁ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብትል ስንቱ አውሬ ሲያልፍ ታያለህ!›› አለው። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ የፍልስፍና ተማሪ የሆነው ጓደኛችን ብርጭቆውን አስቀመጠና ‹‹ለመሆኑ ማየት ማንን ይጎዳል? ካልጎዳ እንሂድ›› ብሎ ክርክሩን ዘጋው።

ሄድን፤ ተመለስን። ክርክሩ ግን አልተዘጋም። ‹‹ማየት ማንን ይጎዳል?›› የምትለዋ ጥያቄ በዚያው ሚኒባስ ተሳፍራ አብራኝ ተመልሳለች። ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን የማቀርበው ጥያቄዋን ለብቻዬ መሸከም ስላቃተኝ ነው። እስቲ እናንተም አንዱን ጫፍ ያዙልኝ።

እኛ የአራዳ ልጆች ማየትን እንደ ሥራ የያዝን ሰዎች ነን። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ ዋናውን ገበያ ወደ መርካቶ ከማዞሩ በፊት የአዲስ አበባ ገበያ እዚሁ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች ነበር። ያኔ ሰው አራዳ የሚወጣው ለመግዛትና ለመሸጥ ብቻ አልነበረም፤ ለማየትና ለመታየትም ጭምር እንጂ። ገበያው ሄደ፤ ማየቱ ቀረ። ግድግዳ ተደግፎ አላፊ አግዳሚውን መቃኘት፣ ማን ከማን ጋር እንደሄደ፣ የማን ጫማ አዲስ እንደሆነ ማወቅ የሰፈራችን ትምህርት ነው። እንዲያውም አራዳና ፋራን የሚለየው ይኸው ይመስለኛል። አራዳ ሳይታይ የሚያይ ነው፤ ፋራ ደግሞ ሳያይ የሚታይ። እኔም አራዳ ነኝ ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። ሳኔቲ ላይ ፋራ ማን እንደሆነ እስካውቅ ድረስ።

፪

ዲንሾ የገባነው ማምሻውን ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሚመራን ሰው አገኘን፤ በዕድሜ አባታችን የሚሆን፣ ንግግር የማያበዛ፣ የአገሩ ተወላጅ። ‹‹ጋሼ›› እያልን ጠራነው። በማግስቱ ሌሊት ተነስተን በሮቤና በጎባ አድርገን ወደ ላይ ወጣን። መጀመሪያ የኮሶውን ደን አለፍን፤ ቀጥሎ አስታው መጣ፤ ከዚያም ዛፍ የሚባል ነገር በድንገት አለቀ።

ሳኔቲን ላላየ እንዲህ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ድንጋይ፣ አጭር ቁጥቋጦ፣ ትናንሽ ኩሬ፣ እዚህም እዚያም ብቻውን እንደ ዘበኛ የቆመ ጅባራ። መሬቱ በውርጭ ነጭቶ፣ ስንረግጠው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። በመጻሕፍት ‹‹ቱንድራ›› የሚባለውን የሰሜን ዋልታ አገር በሥዕል ያየ ሰው እዚህ ቢቆም የደረሰ ይመስለዋል። ቱንድራ ማለት ብርድ ዛፍ የከለከለው ሜዳ ነውና። የሰሜኑን ብርድ የሚያመጣው ለዋልታው መቅረቡ ነው፤ የሳኔቲን ብርድ የሚያመጣው ከፍታው ነው። እዚያ ብርዱ ወራት ሙሉ ይቀመጣል፤ እዚህ በየሌሊቱ መጥቶ በየረፋዱ ይሄዳል።

ሰዎቹም ይመሳሰላሉ። በካናዳ ቸርችል በምትባል ትንሽ ከተማ ነጭ ድቦች በጥቅምትና በኅዳር ይሰበሰባሉ፤ የሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ውሃ በረዶ እስኪሠራና ወጥተው ማደን እስኪችሉ ይጠብቃሉ። ይህንን ጥበቃቸውን ለማየት ከዓለም ዙሪያ የመጡ ሰዎች በትናንሽ ቡድን ሆነው፣ ግዙፍ ጎማ በተገጠመለት መኪና ሜዳው ላይ ይዞራሉ። እነሱ ድቡን፣ እኛ ቀበሮውን። እነሱ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር የሚያወጣ ካሜራ ይዘው፣ እኛ አንድ የተዋስነው ባይኖኩላርና ስድስት ስልክ ይዘን። ጥያቄው ግን አንድ ነው።

ጋሼ መንገድ ላይ ጥቂት ነገር ነገረን። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። በቁጥር ወደ 500 ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ያለው ባሌ ነው። (ከግቢያችን የምሳ ሰልፍ ያንሳል ማለት ነው!) ቀበሮ እንበለው እንጂ ከቀበሮ ይልቅ ለተኩላ የቀረበ ዘመድ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የዘር ጥናት አሳይቷል። በቡድን ይኖራል፤ ግን ለየብቻው በቀን ያድናል። ዋናው ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ በተለይም ከባሌ በቀር የትም የማይገኘው፣ እስከ አንድ ኪሎ የሚመዝነው ትልቁ ፍልፈል። በኦሮምኛ ‹‹ጄዳላ ፈርዳ›› ይሉታል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። የምትወልድ ባዝራ ስትኖር የእንግዴ ልጁን ለመብላት ይከተላታል ስለሚባል ነው። ይህን ስም ያወጣለት ሰው ቀበሮን ለማየት ብሎ የሄደ ሰው አይደለም። ባዝራውን ሲጠብቅ ነው ያየው።

ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ገደማ ጋሼ እጁን አንስቶ ሚኒባሱን አስቆመ። ከመንገዱ ወዲያ ማዶ፣ ቀይ ነገር መሬት ላይ ተለጥፎ ተኝቷል። ባይኖኩላሩን ተቀባበልን። ቀበሮው ተኝቶ አይደለም፤ አድፍጦ ነው። ከፊቱ የፍልፈል ጉድጓድ አለ። አንድ እርምጃ ሄዶ ይቆማል፤ ሆዱን መሬት ያስነካል፤ እንደገና አንድ እርምጃ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ግማሽ ሰዓት ያህል ትንፋሻችንን ይዘን አየን። ምነው በዚህ በቃ ብንል ኖሮ!

ግን ስልካችን ከዚያ ርቀት ያነሳው ፎቶ ቀይ ነጥብ ብቻ ሆነ። ‹‹ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ እንበል›› አልነው። ‹‹ከዚህ ይበቃል›› አለ። ‹‹እባክህ ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተን!›› ‹‹ከዚህ ይበቃል ልጆቼ።›› ከመካከላችን አንዱ፣ ማን እንደሆነ ስሙን አልጠራም፣ ‹‹ከፍለን የለም እንዴ?›› አለ። ጋሼ ዝም አለ። ያን ዝምታ ፈቃድ ነው ብለን ተረጎምነውና ወረድን።

ሃምሳ እርምጃ አልሄድንም። ከጉድጓዱ አጠገብ የነበረች ትንሽ ወፍ ጮኻ ተነሳች። ፍልፈሉ ጠፋ። ቀበሮው ቀና አለና ዞር ብሎ አየን። አልሸሸም። ቆሞ አየን፤ ረዘም ያለ ጊዜ አየን። ሳርትር የሚባለው ፈረንሳዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው መጽሐፉ በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ ሰው ስለሚያይ ሰው ይተርካል። ሰውየው ከኋላው የእግር ኮቴ ሲሰማ፣ መታየቱን ሲያውቅ፣ ያኔ ነው እፍረት የሚይዘው። ክፍል ውስጥ ስንማረው የተራቀቀ ነገር መስሎኝ ነበር። ሳኔቲ ላይ አራት እግር ያለው ፍጡር በአንድ እይታ አስረዳኝ። ከዚያ ቀበሮው ፊቱን አዞረና ቀስ ብሎ ሄደ።

ወደ ሚኒባሱ ስንመለስ ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። ‹‹ቁርሱ ነበር›› አለ። አንዳችን ‹‹ሌላ ያገኛል›› ብንለው ‹‹ያገኛል፤ ጊዜው ግን ግልገል የሚያበሉበት ነው›› አለና በሩን ዘጋ።

በዚያው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ አገኘን። ብርድ ልብስ ተከናንቧል፤ ከጎኑ ውሻ አለ። ከውሻው ጋር ሲጫወት አንድ ፎቶ አነሳሁት። ሲያየኝ ብርድ ልብሱን በፊቱ ላይ ሳበ። ደግሜ አነሳሁት። ይህን ያደረገው ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ። ልጁ በኦሮምኛ ጋሼን አንድ ነገር ጠየቀው። ጋሼ ወደ እኛ ዞሮ ‹‹ምን ልታደርጉበት ነው? ይላል›› አለ። ተያየን። ‹‹ለማስታወሻ በለው›› አልኩ። ጋሼ ነገረው። ልጁ አጭር ቃል ተናግሮ ከብቱን ነዳ። ያን ቃል ጋሼ አልተረጎመልንም።

፫

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ዘፈን ተከፍቶ ነበር። እኔ ግን ‹‹ምን ልታደርጉበት ነው?›› የሚለውን ንግግር የት እንደማውቀው ሳስብ ነበር። ሻሸመኔን ስናልፍ ትዝ አለኝ። የአያቴ ንግግር ነው።

ያደግሁት ዶሮ ማነቂያ ነው፤ አያቴ ቤት። በልጅነቴ ቱሪስቶች በሰፈራችን ያልፉ ነበር። ስድስት ወይም ስምንት ሆነው፣ አስጎብኚያቸውን ተከትለው፣ የእንጨት ሰገነት ያለውን አሮጌ ቤት፣ የዛገውን ቆርቆሮ፣ የተሰቀለውን ልብስ እያዩ። ካሜራቸውን ወደ እኛ ሲያዞሩ እኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሁለት ጣቴን ዘርግቼ እቆም ነበር። አያቴ ግን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ ታደርግና በሩን ገርበብ ታደርገዋለች። አንድ ቀን ቡና ስትቆላ አነሷት። ተናደደች ብዬ ስጠብቅ አልተናደደችም፤ ግራ ተጋባች እንጂ። ‹‹ምን ሊያደርጉበት ነው?›› አለች። ቀጥላም፣ ‹‹ገብተው ቡና ቢጠጡ ምን ነበረበት?››

አንባብያን፣ ይህችን ንግግር አስተውሉልኝ። አያቴ መታየትን አልጠላችም። የጠላችው ደጅ ቆሞ መታየትን ነው። ገብቶ የተቀመጠ እንግዳ ቤቱን ያያል፤ ግን እሱም ይታያል። ስሙን ይጠየቃል፣ ልጅ እንዳለውና እንደሌለው ይጠየቃል፣ ቡናውን ይመርቃል። ደጅ ቆሞ የሚያይ ግን ወስዶ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ለኮሪደር ልማት በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የእኛም ሰፈር አብሮ ፈረሰ። እኛ ሌላ ቦታ ገባን። አዲሱ ቤት ውሃ አለው፣ መጸዳጃ አለው፤ አሮጌውን ቤት ከሩቅ ሆኖ ማሞገስ ቀላል መሆኑን አውቃለሁና አልዋሽም። ነገር ግን አንድ ቀን አያቴ የበሩን ፎቶ ጠየቀችኝ። ፈለግሁ። የለንም። ሰው ደጁ ላይ ያለውን ነገር ፎቶ አያነሳማ! ያን በር የያዘ ፎቶ አለ፤ ግን ያለው የማናውቀው አገር፣ የማናውቀው ሰው እጅ ነው።

እንግዲህ ሳኔቲ ላይ ‹‹ለማስታወሻ›› ያልኩት ሰው እንዲህ ካለ ቤት ወጥቼ ነው። የታየው ልጅ አድጎ የሚያይ ሆነ። ያደረጉበትን ለማድረግ አንድ ስልክ ብቻ ነበር የጎደለው።

፬

አሁን ወደ ጥያቄው። ማየት ማንን ይጎዳል?

የመጀመሪያው መልስ ማንንም አይጎዳም የሚል ነው። እንጀራን ብበላው ያልቃል፤ ተራራን ባየው አያልቅም። ሺህ ሰው ቢያየው ያው ተራራ ነው። ይህ ክርክር ለተራራ እውነት ነው፤ የሚያየውን መልሶ ለሚያይ ፍጡር ግን ውሸት ነው። የእኛ ሰው ይህንን በራሱ መንገድ ያውቀዋል። የሕፃን ፊት የሚሸፈነው፣ መንገደኛ ሲበላ ጀርባውን የሚሰጠው፣ ቡዳ በዓይኑ ይበላል ተብሎ ነው። የተማርን ነን ባዮች ስቀንበታል፤ በእምነቱ ምክንያት ስንት ባለሙያ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ እንደተገፋ ስለምናውቅም መሳቅ ብቻ ሳይሆን ልንዋጋው ይገባል። ሆኖም ገለባውን ስናበጥር አንዲት ፍሬ ትቀራለች፤ ዓይን ባዶ እጁን እንደማይመለስ። ቀበሮው ያጣው ቁርስ የቡዳ ተረት አይደለም። በሰሜን ዋልታ ያሉ ሰዎችም ይህን በሕግ ጽፈውታል። በኖርዌይ ግዛት በስቫልባርድ ደሴቶች እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ማንም ሰው ወደ ነጭ ድብ ከ300 ሜትር በታች እንዳይቀርብ ተደንግጓል፤ በአንዳንዶቹ ወራት ርቀቱ 500 ሜትር ነው። ማየት የማይጎዳ ቢሆን ኖሮ ሕጉ ለምን አስፈለገ?

‹‹እሺ፣ ጉዳት አለው እንበል፤ ግን እንስሳ ነው›› የሚል ይመጣል። ካንት ሰው ለእንስሳ በቀጥታ ግዴታ የለበትም፤ በእንስሳ ላይ የሚጨክን ግን በሰውም ላይ መጨከንን ይለምዳል ብሎ ያስተምር ነበር። የእኛ ጉዞ የካንትን ግማሽ ሐሳብ በአንድ ቀን አረጋግጧል። ጠዋት የቀበሮውን ‹‹አትቅረቡኝ›› አልሰማሁም፤ ከቀትር በኋላ የልጁን ብርድ ልብስ አላከበርኩም። ጣቱም ያው ጣት፣ ስልኩም ያው ስልክ ነው። የቀረውን ግማሽ ግን አልቀበልም። ቁርሱ የቀበሮው ነበር፤ ለእኔ ሥነ ምግባር ማስተማሪያ ተብሎ የተቀመጠ አልነበረም። እኔ ጨካኝ ባልሆንም እንኳ እሱ ተርቦ ውሏል።

ሁለተኛው መልስ ጠንካራ ነው። አባቶቻችን ‹‹ያላዩት አገር አይናፍቅም›› ይላሉ። ሰው ያላየውን አይወድም፤ ያልወደደውን አይጠብቅም። ደግሞስ የጋሼን ቀለብ፣ የፓርኩን መግቢያ የከፈለው ማነው? ጎብኚ ካልመጣ ቀበሮውን ማን ያስታውሰዋል? ይህን በቀላሉ ማለፍ አልችልም፤ እኔም ራሴ ሳልሄድ በፊት ስለ ቀይ ቀበሮ ግድ አልነበረኝም።

ነገር ግን ማየት ሁልጊዜ ወደ ማወቅ፣ ማወቅም ወደ መጠበቅ ያደርሳል ማለት ስሕተት ነው። የሩቁን ትተን ስድስት ኪሎ እንሂድ። የአንበሳ ግቢው እ.ኤ.አ. በ1948 ከተቋቋመ ወዲህ የአዲስ አበባ ሕፃን ሁሉ ትኬት ቆርጦ አንበሳ አይቷል። እኔም አይቻለሁ፤ የማስታውሰው ግን ሽታውንና የበላሁትን ቆሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እነዚያ አንበሶች በዘራቸው ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን ገለጸ። ከስልሳ ዓመት በላይ አየናቸው፤ ማን እንደሆኑ ግን አላወቅንም። ከፍለን ስለነበር ያወቅን መስሎን ነበር። ‹‹ከፍለን የለም እንዴ?›› ማለት ትልቁ እንቅፋት እዚህ ላይ ነው። ትኬት ዕዳን የከፈሉ ያስመስላል።

በተቃራኒው ደግሞ ሳያዩ የጠበቁ አሉ። በመንዝ ጓሳ የሚባል የደጋ ሜዳ አለ፤ ስሙ ከሣሩ የመጣ ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ‹‹ቄሮ›› በሚባል ሥርዓት የአስቦና የጌራ ባለርስቶች ሜዳውን ለዓመታት፣ አንዳንዴ ለሦስትና ለአምስት ዓመት፣ ይዘጉት ነበር፤ ቀኑ ሳይደርስ ማንም አያጭድም፣ ማንም አያግጥም። በዚያ ሣር ውስጥ አይጥ ኖረ፤ አይጥ ስለኖረ ቀይ ቀበሮ ኖረ። ከመንዝ ገበሬ አንዱም ‹‹ቀበሮ አይቼ ልምጣ›› ብሎ የተነሳ አይመስለኝም። ሣሩን አከበረ፤ ቀበሮው በሣሩ ጥላ ሥር ተረፈ። ሥርዓቱ በባለርስትነት ላይ የቆመ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1975 ከመሬት አዋጁ ጋር አብሮ ፈረሰ፤ የአካባቢው ሰው ኋላ በሌላ መልክ የራሱን ጥበቃ አደራጅቷል። የዱሮው ሁሉ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም። የምለው፣ መጠበቅ ከማየት በፊትም ሊኖር ይችላል ነው።

፭

ታዲያ ዓይናችንን ጨፍነን ቤታችን እንቀመጥ? አንድ ጊዜ እንዲህ ብዬ ደምድሜ ነበር። የዚያኑ የባሌን ታሪክ ይበልጥ ሳነብ ግን መደምደሚያዬ ተናደ።

እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹ መካከል ገባ። የመጣው ከከብት ጠባቂ ውሾች ነው። በሽታው በገባባቸው ቡድኖች ከአራት ቀበሮ ሦስቱ ገደማ አለቁ። ይህ የታወቀው ሰው ስላየ ነው። ግን ምን ዓይነት ሰው? ቀበሮዎቹን አንድ በአንድ ለይቶ የሚያውቅ፣ በዝናብም በውርጭም የሚቆጥር፣ ሬሳ ሲያገኝ ምክንያቱን የሚመረምር ሰው። እነዚህ ሰዎች ባያዩ ኖሮ ሞቱ አይታወቅም ነበር፤ ባይታወቅ ደግሞ የተረፉትን ቀበሮዎች መከተብ፣ የእረኞቹንም ውሾች በስፋት መከተብ አይቻልም ነበር። ያ እኔ ፎቶ ያነሳሁት ውሻ፣ ከልጁ ጎን የነበረው፣ ለቀበሮው ከእኛ ካሜራ ይልቅ የሚያሰጋ ነገር ሊሸከም ይችላል። እኔ ግን ውሻው ተከትቦ እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ አላሰብኩም። ‹‹ቆንጆ ምስል›› ነበር ያየሁት።

ስለዚህ ልዩነቱ በሚያይና በማያይ መካከል አይደለም። በተመልካችና በምስክር መካከል ነው።

በጥንቱ የአገራችን ሥርዓት ወንጀል ተፈጽሞ አጥፊው ሲሰወር የአካባቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰብ ነበር። አውጫጭኝ ይሉታል፤ አፈርሳታም ይባላል። ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም። ሥርዓቱ ግፍ ነበረበት፤ ምንም የማያውቀው ገበሬ ሥራውን ፈትቶ ይውላል። ነገር ግን ከሥሩ አንድ ሐሳብ አለ፤ ያየ ሰው ያየውን የግሉ ሊያደርገው አይችልም የሚል። ያየኸው ነገር የአንተ ንብረት አይደለም፤ አደራ ነው። ተመልካች ‹‹አየሁ›› ብሎ ይጨርሳል። ምስክር ‹‹አየሁ›› ብሎ ይጀምራል፤ ምን አየህ፣ የት አየህ፣ አንተስ እዚያ ምን ታደርግ ነበር ተብሎ ይጠየቃል። የመጨረሻው ጥያቄ ከባዱ ነው። ስለ ሳኔቲ ምስክርነት ልስጥ ካልኩ ‹‹ቀይ ቀበሮ አየሁ›› ማለት አይበቃኝም፤ ‹‹ቁርሱንም ያስቀረሁበት እኔ ነኝ›› ማለት አለብኝ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

የፍልስፍና ተማሪው ጓደኛዬ ረቂቁን አንብቦ ‹‹ነገሩን አካበድከው፤ አንድ ፍልፈልና አንድ ፎቶ እኮ ነው!›› አለኝ። ልክ ነው፤ አንድ ፍልፈልና አንድ ፎቶ ነው። ነገር ግን እኛ ስድስት ብቻ አይደለንም። ከእኛ ቀጥሎ የሚመጣው ቡድንም ስድስት ነው፤ ከዚያም የሚቀጥለው። ‹‹ትንሽ ጠጋ እንበል›› የማይል ቡድን የለም። የትናንሽ ቡድን ጉዞ ውበቱ ትንሽነቱ ነው ይባላል፤ አደጋውም እዚያው ነው። ሁሉም እኔ ትንሽ ነኝ ብሎ ይቀርባል።

በዚህ ዓመት ባሌም ሆነ ስሜን ለመውጣት ገንዘብ የምታዋጡ ጓደኞቼ አትቅሩ፤ ሂዱ። ግን መሪው ‹‹ይበቃል›› ሲል ይብቃችሁ፤ ዝም ሲልም ዝምታውን እንደ እኛ አትተርጉሙት። እረኛ ስታገኙ ከካሜራው በፊት ሰላምታው ይቅደም፤ ስሙን ጠይቁ፣ ስማችሁን ንገሩ። ያያችሁትን ደግሞ ለጓደኛ ማሳያ ብቻ አታድርጉት፤ እናንተ እዚያ ያደረጋችሁትንም ጨምራችሁ ተናገሩ።

፮

በተመለስኩ በሳምንቱ ለአያቴ ፎቶዎቹን አሳየኋት። ጅባራውን አደነቀች፤ ቀበሮውን ‹‹ውሻ አይደል እንዴ?›› አለች። ከዚያ ብርድ ልብስ የተሸፋፈነው ልጅ መጣ። መነጽሯን አስተካክላ ቆየች።

‹‹አስፈቅደኸዋል?››

‹‹አይ፣ እማዬ።››

‹‹እንግዲያ ለምን ታሳየኛለህ? እሱ አልታይም ብሎ የሸፈነውን እኔ ልይበት?›› ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። ትንሽ ቆይታም፣ ‹‹ከውሻው ጋር ያለውን ግን ላክለት። ቤታቸው ይስቀሉት›› አለች።

የተሸፈነውን አጠፋሁ። ከውሻው ጋር የሚጫወተውን ፒያሳ ወርጄ አሳጠብኩና ዲንሾ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁ፤ ለጋሼ እንዲያደርስልኝ፣ ጋሼም ለልጁ። ከፎቶው ጀርባ ስሜን ጻፍኩ። የልጁን ስም መጻፍ አልቻልኩም፤ አልጠየቅሁትማ።

የቀበሮውን ፎቶ አላጠፋሁትም። ቀና ብሎ ሲያየን ያነሳሁት ነው፤ ትንሽ ደብዝዟል። ዶርም ውስጥ ከአልጋዬ በላይ ለጥፌዋለሁ። የሚያየው ሁሉ የት እንደሆነ ይጠይቀኛል፤ ከሥሩ የቦታውን ስም አልጻፍኩማ። የጻፍኩት ‹‹ቁርሱ ነበር›› ብዬ ነው።